ታሪክን ለጋዜጣ አንባቢ ያደረሱ መምህር
(በተማሪዎች ማኅበር የመታሰቢያ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የካቲት ለአገራችን የመታሰቢያ ወር ነው። በ1929 ዓ.ም. በ12ኛው ቀን በፋሺስት ጦር ያለቁትን ወገኖቻችንን በዚሁ በስድስት ኪሎ በቆመው ሐውልት ሥር እናስባለን። በ23ኛው ቀን የዓድዋን ድል እናከብራለን። በዚሁ ወር በ9ኛው ቀን፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በተወለዱ በ89 ዓመታቸው ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ዛሬ የተሰበሰብነው እርሳቸውን ለማስታወስ ነው።

ማኅበራችን ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ባዘዘን ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሣብን። ከፊታቸው ተቀምጠን ያልተማርን፣ ድምፃቸውንም በአዳራሽ ያልሰማን የዛሬ ተማሪዎች ስለ እርሳቸው ምን ልንናገር እንችላለን? ስለ ጠባያቸውና ስለ ወዳጅነታቸው ሊነግሩን የሚችሉት በቅርብ ያወቋቸው መምህሮቻችን ናቸው። እኛ የምናውቃቸው በጽሑፋቸው ነው። ስለዚህ የምንናገረው ጽሑፋቸው ስላስተማረን ነገርና እርሱም ስለጣለብን ዕዳ ነው። ሟችን ማመስገን ቀላል ነው፤ የሟችን ሥራ ተረክቦ መቀጠል ግን ከባድ ነው።

በመጀመሪያ ሕይወታቸውን በአጭሩ እናስታውስ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1920 ዓ.ም. በኅዳር ወር በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። እናታቸው ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት በወጣትነታቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ደጋግመው የታሰሩ ሴት ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። ዓለም ኢትዮጵያ አለቀላት ባለበት ቀን አንዲት ሴት የለም ገና ነው ብለው ጋዜጣ አሳተሙ። ልጃቸው ያን ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ ነበሩ። እንግዲህ ጋዜጣ ለእውነት መቆሚያ እንደሚሆን ያወቁት በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በእናታቸው ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በ1948 ዓ.ም. እናትና ልጅ አዲስ አበባ መጥተው ተቀመጡ። እናቲቱ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ፤ ልጃቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሪ ሆኑ። ሚስ ሲልቪያ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐርፈው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ከአርበኞች ጋራ ተቀበሩ። ልጃቸው ግን ሥራውን ቀጠሉ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስትም የዩኒቨርሲቲያችንን ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት የመሩ ናቸው። ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄደው ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ተመልሰው መጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ቤታቸው አዲስ አበባ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፕሮፌሰር ፓንክረስት ምን አስተማሩን?

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ማን ነገሠ፣ ማንን ወጋ፣ መቼ ሞተ የሚለውን አጥንተን ፈተና ተፈትነንበታል። ፕሮፌሰሩም ስለ ነገሥታት ጽፈዋል። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በታተመው፣ ከ1800 እስከ 1935 ያለውን ዘመን በሚመለከተው ትልቁ የኢኮኖሚ ታሪክ መጽሐፋቸው የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነው። ሕዝቡ ምን ይበላ ነበር? ገበያው እንዴት ይቆም ነበር? ቀረጡ ስንት ነበር? በሽታው በየት በኩል ገባ?

ለምሳሌ አሞሌን እንውሰድ። ጨው ከአፋር ቈላ ተቈርጦ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል። አንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር በሰሜን ገበያ ብዙ አሞሌ ይመነዝራል፤ በደቡብ ሩቅ ገበያ ግን ጥቂት አሞሌ ብቻ። ለተራ ሰው ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን በዚያ ልዩነት ውስጥ የመንገዱ ርዝመት፣ የየኬላው ቀረጥ፣ የሽፍታው ሥጋትና የነጋዴው ድካም ተጽፎ ይገኛል። ከአንድ ቁራጭ ጨው የአገር ታሪክ ይነበባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ግቢ በመስኮት የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። በቀድሞ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ እንጨቱ ሲያልቅ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ነበር። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ፣ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ ስለ አለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶውን ሰጠ፤ ከተማዋም ካለችበት ቀረች። አዋጅና ጦር ብቻ ሳይሆን ዛፍም የመንግሥት መቀመጫን ሊያጸና እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ምሳሌ የሚያሳዝን ነው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ረኀብ በሽማግሌዎች አፍ እንደ መዓት ብቻ ይነገር ነበር። ፕሮፌሰሩ መንገደኞችና ሐኪሞች የጻፉትን፣ ዜና መዋዕሉንም አስተያይተው መዓቱ በምን መንገድ እንደመጣ አሳዩ። ኢጣልያኖች ለጦራቸው ባስመጡት ከብት በኩል የደስታ በሽታ በምጽዋ ገባ። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ የሚስብ ጠፋ፤ ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረ፤ እህሉ ሲወደድ ድኻው አለቀ። ረኀብ ድንገት ከሰማይ የሚወርድ ነገር ሳይሆን አንዱ ምክንያት ሌላውን እየወለደ የሚመጣ መሆኑን ያወቀ ሰው የሚቀጥለውን ለመከላከል ያስባል። ታሪክ ለምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ይህ አንድ መልስ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህ ሁሉ በመጽሐፍና በጥናት መጽሔት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ፕሮፌሰር ፓንክረስት በሊቃውንት ዘንድ የተከበሩ፣ በሕዝብ ዘንድ ግን ያልታወቁ ሰው ሆነው ባለፉ ነበር። እርሳቸው ግን ከስደት ከተመለሱ በኋላ በዚያ ዘመን ይታተም በነበረው በ«አዲስ ትሪቢዩን» ሳምንታዊ ጋዜጣ የታሪክ ዐምድ ይዘው ጻፉ። ሊቅ ለሊቅ ሲጽፍ አንባቢው ብዙ ያውቃል ብሎ ይጀምራል። ለጋዜጣ ሲጽፍ ግን አንባቢው ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ሌላ ሐሳብ በልቡ ይዞ፣ ከገበያ ዋጋና ከኳስ ወሬ መካከል እንደሚያነብበው ማወቅ አለበት። ቋንቋውን ማቅለል፣ እውነቱን ግን አለማቅለል ይገባዋል። ይህ ከባድ ጥበብ ነው። ጋዜጣ ዕድሜው የአንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሱቅ ስኳር ይጠቀለልበታል። ታላቅ ስም ያለው ምሁር ስኳር ለሚጠቀለልበት ወረቀት ያን ያህል መድከሙ ለተራ አንባቢ የነበረውን አክብሮት ያሳያል።

ብዕራቸውንም ለፍርድ ተጠቅመውበታል። የአክሱም ሐውልት በፋሺስት ዘመን ተወስዶ በሮም አደባባይ ቆሞ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድድም ሐውልቱ ሳይመለስ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቈየ። ነገሩ እንዳይረሳ ከጻፉትና ከወተወቱት መካከል አንዱ ፕሮፌሰሩ ነበሩ። 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በአይሮፕላን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ስለ መቅደላም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ቅርስ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ደጋግመው ጽፈዋል። ዘራፊው የገዛ አገራቸው ጦር ነው፤ እርሳቸው ግን እውነቱን ከመጻፍ፣ ቅርሱም ይመለስ ብሎ ማኅበር አቋቁሞ ከመከራከር አልተመለሱም። የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር ከለንደን የተመለሰው በ2011 ዓ.ም.፣ እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ገና ያልተመለሰው ግን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተማሪዎች የሚያነሡትን ተቃውሞ ሳንደብቅ እንናገር። አንደኛው፣ የውጭ አገር ሰው ታሪካችንን ለምን ይጽፍልናል የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው። ማንም ቢጽፍ ጥያቄው እውነት ነውን፣ ምንጩስ ከየት ነው የሚለው ነው። የአገር ልጅ መሆን ለስሕተት መሸፈኛ አይሆንም፤ የውጭ ሰው መሆንም እውነትን አያረክስም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ፕሮፌሰሩ በብዛት የተጠቀሙት የውጭ መንገደኞችን መጻሕፍት ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ገበያውንና ቤተ መንግሥቱን ያያል እንጂ በጎጆው ውስጥ የሚነገረውን አይሰማም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ግዕዙንና የአገሩን ቋንቋ ይዘው የሄዱት እንደ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት፣ እንደ ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይና እንደ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ያሉ የአገራችን ሊቃውንት ሌላ መንገድ ከፍተዋል። ነገር ግን ሥራቸው ጐዶሎ ካለው ጐዶሎውን የመሙላት ግዴታ የማን ነው? በዚያ ጎጆ ውስጥ ተወልደን ያደግነው እኛ ነን። ቋንቋውን እናውቃለን፤ አያቶቻችን በሕይወት አሉ።

ሦስተኛው ነገር ተቃውሞ ሳይሆን ሐዘን ነው። እነዚያ መልካም ዐምዶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ አሞሌ የሚተርከውን ጽሑፍ የአሞሌ ነጋዴ የልጅ ልጅ እንግሊዝኛ ካልተማረ አያነብበውም። ፕሮፌሰሩ ታሪክን ከቤተ መጻሕፍት አውጥተው እስከ ጋዜጣ አዟሪው እጅ አድርሰውታል። ከጋዜጣ አዟሪው እስከ እናቶቻችን ምድጃ ያለው መንገድ ግን ገና አልተሄደም።

ስለዚህ በማኅበራችን ስም ሦስት ነገር እናሳስባለን።

1ኛ፤ በዚህች በምታነብቧት የማኅበራችን ወረቀት አንድ ገጽ ለአገር ታሪክ ይመደብ። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ምንጩ ይነገር፤ ማንም ሊረዳው በሚችል አማርኛ ይጻፍ።

2ኛ፤ የፕሮፌሰር ፓንክረስት የጋዜጣ ጽሑፎች ባለመብቶቹን አስፈቅደን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንዲተረጐሙ የታሪክና የቋንቋ መምህሮቻችን ይምሩን፤ ድካሙን እኛ እንችላለን።

3ኛ፤ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ደብተር ይዘን እንሂድ። ሽማግሌዎችን ማን ጀግና ነበር ብለን ብቻ አንጠይቅ። አንድ ቁና ጤፍ ስንት ይሸጥ ነበር፣ ገበያው በየትኛው ቀን ይቆም ነበር፣ ከመኪና በፊት ጨውና ቡና በየት ያልፍ ነበር፣ በሽታው በገባ ጊዜ መንደሩ ምን አደረገ ብለን እንጠይቅ። የነገረንን ሰውና የነገረንን ቀን እንጻፍ። አንድ ሽማግሌ በሞተ ቍጥር የማይገኝ መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል።

ይህን የምንለው ለጌጥ አይደለም። ዛሬ ታሪክ በየመንገዱና በየስልኩ የክርክር ዱላ ሆኗል። ሁሉም የአያቱን ቁስል ቈጥሮ የሌላውን ይክዳል፤ ከየት አገኘኸው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል ወይም ይቈጣል። የእኚህ መምህር ልማድ ለዚህ መድኃኒት አለው። አስቀድሞ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ቃል፤ አስቀድሞ የድኻው እንጀራ፣ ቀጥሎ የጌታው ዝና፤ በመጨረሻም እውነቱ የራስን ወገን ቢነካም መጻፍ። ይህን ያወቀ ተማሪ በጩኸት አይነዳም።

ከፊታቸው ተቀምጠን ያልተማርን የዛሬ ተማሪዎች በጽሑፋቸው በኩል ደቀ መዛሙርት ልንሆን እንችላለን። ወንበሩ ክፍት ነው፤ ብዕርና ወረቀት የሌለው በመካከላችን የለም። ጥያቄው እንጽፋለን ወይስ አንጽፍም የሚለው ብቻ ነው።

የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስም በሥራችን ይታወስ።