በክረምት በብስክሌት ሥራ ስለ መመላለስ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ከጡረተኞች አንድ ሰው ይናገር ባለ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ስለ ቀረው ስለ ብስክሌት ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ዕድርና ብስክሌት ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ዕድራችን የቆመው የሞተውን በወግ ለመቅበርና ያዘነውን ለማጽናናት መሆኑ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ግን ድንኳናችንና ወንበራችን ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ቢከርም ቅር የሚለው አባል የለም። ሰው ሳይሞት የሚመክር ዕድር፣ ሲሞት ከሚቀብር ዕድር ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

እንደምታውቁት ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ ከተከፈቱ ወዲህ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ ባጃጁ ቢበዛም ብስክሌት አልቀረም፤ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም ለብስክሌት መንገድ ተለይቶለታል። ይኸ ሁሉ በበጋ ደስ ይላል። ክረምት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዓመት ለከተማችን ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ ሠራተኛ ደግሞ ዘነበ ብሎ ከሥራው አይቀርም።

እኔ ብዙ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ሳገለግል የሰዓት ፊርማ መዝገቡ በእጄ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። መዝገቡ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ይነሣል። ከዚያ በኋላ በመጣ ሰው ስም ላይ ቀይ ይሠመራል፤ ቀዩ ሲደጋገም ከደመወዙ ይቆረጣል። ታዲያ በክረምት ያቺን ሩብ ሰዓት ባያችኋት! አንዱ ጉልበቱ ተልጦ፣ አንዱ ከራሱ እስከ እግሩ ጭቃ ለብሶ፣ አንዷ የግራ ጫማዋ ቱቦ ውስጥ ቀርቶባት ይደርሳሉ። አንድ ባልደረባችን ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰብሮ፣ በግራ እጁ ፈርሞ ነው ሐኪም ቤት የሄደው። ፊርማው የሕፃን ጽሕፈት ይመስል ነበር። ያን ቀን ቀይ አልተሠመረበትም፤ ነገር ግን ሁለት ወር ያህል እጁን ታቅፎ ቤቱ ተቀመጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የሚደርሱትም የሚመጡት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዝናብ ነበር። እነሱ ወድቀው ሲመጡ እምብዛም አላየሁም። በክረምት ሰውን ከብስክሌት የሚጥለው ከዝናቡ ይልቅ ጥድፊያው ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ጥድፊያ በክረምት ለምን ይከፋል? ዋናው ምክንያት ፍሬን ነው። የአብዛኛው ብስክሌታችን ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነው። ቸርኬው ሲረጥብ ውሃው በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል እንደ ቅባት ይገባል። እጀታውን ጨበጥ ስናደርገው ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፤ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያ እስኪሆን ብስክሌቱ ይሄዳል። በተለይ የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ያላቸው አሮጌዎቹ ብስክሌቶች ዝናብ ላይ አይቆሙም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መስቀለኛ መንገድ ጋ ከመድረስ አስቀድሞ፣ ከሩቁ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ እየነካኩ ውሃውን ማስጠረግ ነው። ሁለቱንም ፍሬን መያዝ፣ ሲታጠፉ ግን የፊቱን በኃይል አለመያዝ ነው። ያለቀ የፍሬን ጎማ ዛሬ ነገ ሳይሉ ማስቀየር ነው፤ ዋጋው ከአንድ ቀን የሐኪም ቤት ወጪ ጋር አይተያይም።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ብዙ ሰው ዶፍ ሲወርድ ይጠነቀቃል፤ ካፊያ ሲሆን ግን ይንቀዋል። ከደረቅ ቀን በኋላ ዝናቡ የጀመረባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው የሚያንሸራትቱት። አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራና የመኪና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ይሆናል። በጎማ ብዛት የለሰለሰ ኮብልስቶንም፣ የዜብራው ነጭ ቀለምም፣ ከኮረኮንቹ በመኪና ጎማ የሚመጣው ጭቃም እንደዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ሳይታጠፉና ፍሬን ሳይይዙ ማለፍ ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው የተኛ ውሃ ነው። ጎርፍ የሞላው መንገድ ሜዳ ይመስላል፤ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር፣ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ይኑር አይታወቅም። ጥልቀቱን በዓይን ያላየነውን ውሃ ወርዶ፣ ብስክሌቱን እየገፉ፣ በእግር እየፈተሹ ማለፍ ነው። ውሃው የሚሮጥ ከሆነ እስኪጎድል መቆም ነው።

ሦስተኛው ጃንጥላና ልብስ ነው። በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በአንድ እጅ መሪ ይዞ የሚነዳ ሰው በከተማችን ሞልቷል። ነፋስ ጃንጥላውን ሲገለብጠው ሰውየውንም ይዞት ይሄዳል፤ በአንድ እጅም ሁለት ፍሬን አይያዝም። የዝናብ ልብስ ቢገዛ ይሻላል፤ እሱም ጫፉ ጎማና ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ይሰብሰብ። ልጅ ከኋላ አፈናጦ የሚሄድ ወላጅ ደግሞ የልጁ እግር ሽቦው መካከል እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ዶፍ ከሆነ ልጁን ይዞ በእግር መሄድ ይበጃል።

አራተኛው መታየት ነው። በክረምት ደመናው ቀኑን ያጨልመዋል፤ የባጃጁና የሚኒባሱ መስታወት ደግሞ በላብ ይሸፈናል። እኛ ሾፌሩን ስላየነው እሱም ያየን ይመስለናል። ከፊት መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ ከላይ ነጣ ያለ ልብስ ይኑረን። መብረቅ ሲኖር ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም፤ ቤት ውስጥ ገብቶ ማሳለፍ ነው።

ወገኖቼ፣ ይኸን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ብስክሌት የምትነዱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከቤት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። ከመካከላችን አለቃ የሆናችሁ፣ ዶፍ በወረደበት ጠዋት ለሠራተኛው ሩብ ሰዓት ታገሡት፤ ቀይ እስክሪብቶ አጥንት አይጠግንም። ሦስተኛ፣ ዕድራችን ከመጪው እሑድ ጀምሮ ወጣቶቹን አሰልፎ በሰፈራችን ክዳን የሌላቸውን ቱቦዎች ይቁጠር፤ የሚከደነውን እንክደን፣ ያልተቻለው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም እንጨት እናቁም፤ ለቀበሌውም በጽሑፍ እናስታውቅ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ እንጨቱን ለማቅረብ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ክረምቱን በሰላም አሳልፈን ለመስከረም ሁላችን ሳንጎድል ለመገናኘት ያብቃን።