ብሎን የተጣበቀበት ሃርድ ዲስክ

ለ3 ሰዓት ተጠርተን 4 ሰዓት ላይ መጀመራችን የለመድነው ነውና ይቅር እንባባል፤ እኔም ላሳጥር። የምናወራው ስለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ ላፕቶፕ ከተገዛለት በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

በቅድሚያ ይቺን እዩልኝ። ላይዋ 2 ቴራ ይላል። ስትይዟት ደኅና ትከብዳለች። አሁን ስከፍታት፣ ይኸውላችሁ፤ ጥፍር የምታክል ሜሞሪ፣ ከጎኗ በሙጫ የተጣበቁ ሁለት ብሎኖች። ብሎኖቹ የገቡት ለክብደት ነው። ያመጣችልኝ ልጅ «የፋይሎቹ ስም አለ፣ ግን አይከፈቱም» እያለች ነበር።

እኛ የሽሮ ሜዳ ጎረቤቶች ጋቢ ስንገዛ በቀላሉ አንታለልም። ጠርዙን እንገለብጣለን፣ ድሩን በጣታችን እናሻለን፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እናያለን። ሃርድ ዲስክ ግን በመዳሰስ አይታወቅም። ኮምፒውተሩም ቢሆን ይታለላል፤ ሜሞሪዋ «2 ቴራ ነኝ» እንድትል ተደርጋ ስለተሠራች ዊንዶውስም 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። እውነተኛ ልኳ 32 ጊጋ ቢሆን፣ 32ቱ እስኪሞላ ምንም አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የምትጭኑት ወይ በፊተኛው ላይ ይጻፋል፣ ወይ የትም ሳይገባ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ፊልም ኮፒ አድርጋችሁ «ይሠራል» ብላችሁ ብትወጡ ምንም አላረጋገጣችሁም።

ዛሬ በዓለም ላይ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፤ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ሌላ ስም የተጻፈበት ሳጥን ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ዲስክ ግን ከሦስቱ የአንዱ መሆን አለበት። ስማቸው ስለተለጠፈበት ብቻም አትመኑ። ያረጀ የላፕቶፕ ዲስክ አዲስ ልባስ ለብሶ ይሸጣል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያችኋል። «አዲስ» የተባለው ዲስክ 9,000 ሰዓት ካለው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቀን ከሌት ሠርቶ ነው ወደ እናንተ የመጣው። ቁጥሩን የሚያጠፉ ብልጦችም አሉ፤ ቢሆንም ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቅ ውስጥ ክፈቱት። ባለ ሱቁ ካኮረፈ፣ ሌላ ሱቅ ግቡ።

ቤት ስትደርሱ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በሚባለው፣ እሱም ነጻ ነው፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አስሞሉትና መልሶ ያንብበው። ለ1 ቴራ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ ጀምሩለትና ተኙ፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት ውጤቱን ታገኛላችሁ። ደረሰኙን እስከዚያ አትጣሉት።

በነገራችን ላይ፣ 1 ቴራ ገዝታችሁ 931 ጊጋ ካያችሁ አልተሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። በዚህ የተነሣ ከነጋዴ ጋር ሊደባደብ የደረሰ ወላጅ ገላግያለሁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ እውነተኛ ዲስክ ላይ ነበር፤ ደረሰኝም ዋስትናም ነበረው። ቡና ልቀዳ ስነሣ እግሬ ገመዱን ጎተተውና ዲስኩ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ወደቀ። ከጉልበት ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ነው። ውስጡ ያለው ሳህን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የሚያነበው ክንድ ደግሞ በዓይን በማይታይ ክፍተት ከሳህኑ በላይ ይንሳፈፋል፤ ሲነካው ይፍቀዋል። ሳነሣው ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ ይላል። ዋስትናው አዲስ ዲስክ አስገኘልኝ። ጽሑፉን ግን ከሀ ጀምሬ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ 4 ቴራ ለመግዛት ባሰባችሁት ገንዘብ ሁለት ባለ 1 ቴራ ግዙ። የተማሪ ጽሑፍና ስላይድ 1 ቴራ አይሞላም፤ የሚሞላው ተከታታይ ፊልሙ ነው። አንዱ ቦርሳ ውስጥ ይዙር፣ ሌላው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ እሑድ እሑድ ይገልበጥበት። ገንዘብ ያለው ለቦርሳው ኤስ ኤስ ዲ ይግዛ፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይችላል። እሱም ቢሆን ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

ቅጂን በሁለት ቦታ ማስቀመጥን አባቶች ከእኛ በፊት ያወቁት ይመስለኛል። በ1973 እ.ኤ.አ. የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ እንዲቀር፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ዓመት ሳይሞላ አገሩ በአብዮት ታመሰ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ያንን ቅጂ በሚኒሶታ ሆነው ለአሥርት ዓመታት መርምረው መዘገቡት። ያኔ አንድ ቦታ ብቻ ይበቃል አልተባለም።

ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ለእናንተ። ፊልም የምታስጭኑበትና ጽሑፋችሁ ያለበት ዲስክ አንድ አይሁን። ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ነገር ሾርትከት ቫይረስ ይዞ እንደሚመለስ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለማሳተም ፋይሉን ብቻ በትንሽ ፍላሽ ውሰዱ። ስትነቅሉም ኢጀክት አድርጋችሁ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ላፕቶፔን እዚያ መስኮቱ አጠገብ እከፍታለሁ። ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ በየተራ ኑ፤ መጀመሪያ የሠራበትን ሰዓት እናያለን። ብሎን የሚፈታ የያዘ ሰው ካለ ያውሰኝ፣ የእኔ ጫፉ ተበልቷል።