የዓባይ በረሃ ድንጋይና የዓለም ዕድሜ



የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጅ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ሽማግሌዎች ከሚያቀርቡለት ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፤ «ዓለም ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል ትላላችሁ አሉ፤ እውነት ነውን?» የግሽ ዓባይ ምንጭ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው ግዮን ነው ተብሎ በሚከበርበት አገር ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። መልሳችንም በንቀት ወይም በፍርሃት ሳይሆን በማስረጃ ሊሆን ይገባል።

በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 2000 ዓ.ም. 7500 ዓመተ ዓለም ነበረ። ሳይንስን እንቃወማለን የሚሉ ከውጭ የሚመጡ ጽሑፎች ግን ብዙዎቹ ዓለምን 6000 ዓመት ገደማ ያደርጓታል። የአየርላንዱ ጳጳስ ጄምስ አሸርም በ1650 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስሌት ፍጥረትን ከልደት በፊት 4004 ላይ አድርጎት ነበር። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ዕብራይስጡና የሰባ ሊቃናት ትርጉም በአበው ዕድሜ ላይ መለያየታቸው ነው። እንግዲህ ቁጥሩ በመጻሕፍቱ መካከል እንኳ ካልተስማማ፣ ድንጋዩን መጠየቅ ምን ነውር አለው?

ተቃዋሚዎቹ «በደጋ የባሕር ዛጎል መገኘቱ የኖኅን ውሃ ያስረዳል» ይላሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሁሉ ምስክሩን አይቶታል። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ፣ ከእርሱም በታች ጂፕሰም፣ ከሁሉም በታች ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ጂፕሰም የሚረጋው የባሕር ውሃ በፀሐይ ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ አሞሌ የሚቆረጥበት የአፋር ጨው ሜዳም እንዲሁ ነው የተገኘው። ስለዚህ በዚያ ስፍራ አንድ ባሕር ደርቆ ኋላ ሌላ ባሕር ተመልሶበታል። ምድርን አንድ ዓመት የሸፈነ ውሃ በመካከሉ እየደረቀ ይህን ያህል ጂፕሰም ሊያረጋ አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድንጋይ ቀን አልተጻፈበትም» የሚል ነው። ነገር ግን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ይለወጣል፤ ከፊሉም አርጎን ይሆናል፤ እኩሌታው ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አንዳንድ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የቆየ አርጎን እንደሚያስቀር እውነት ነው። ሊቃውንቱም ይህን ስለሚያውቁ ብዙ ቅንጣት ይመረምራሉ፤ በሌላም ዘዴ ያመሳክራሉ። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በአካባቢዋ ካለው የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ነው። የምድርንም ዕድሜ ክሌር ፓተርሰን ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምሮ በ1956 እ.ኤ.አ. 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አስታወቀ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን ማወቅ አባቶቻችንን እንድንሰድብ አያዝዘንም። የአገራችን የመጻሕፍት መምህር አንዱን ጥቅስ ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ይቀጥላል፤ ይህን የለመደ ሕዝብ ረጋ ብለን ብንነግረው ይሰማናል። ብንሳለቅበት ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል፤ ጉዳቱም የአገር ነው። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን የዓባይ በረሃን ንጣፍ በወረቀት ሥለን በየቀበሌያችን ላሉ ተማሪዎች እናስረዳ። ጠያቂውንም ሽማግሌ ቁጭ ብለን እናዳምጥ።