ዘፋኙን ሰቀሉት፣ ዘፈኑ አልሞተም

(በአንድ የኪነ ጥበብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ ሀገር አንድ ዘፋኝ ደፈር ያለ ነገር ሲያዜም «አንጀቴን አራሰው!» እንላለን። በራችንን ዘግተን እንሰማለን። በቃ፣ የታገልን ይመስለናል!

እስቲ ደቡብ አፍሪካን እንመልከት። ቩዪሲሌ ሚኒ በፖርት ኤልዛቤት የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ ነበር፤ ዜማም ይደርሳል። የአፓርታይድን ዋና ጠንሳሽ ፈርቩርትን በስሙ ጠርቶ የሚያስጠነቅቅ ዘፈን አወጣ። ዘፈኑን ያስፋፋው ሬዲዮ አይደለም፤ ሬዲዮው በመንግሥት እጅ ነበር። ሕዝቡ ነው በየሰልፉ አንዱ ከሌላው አፍ እየተቀበለ ያዜመው። መንግሥት ሚኒን በአሻጥርና በግድያ ተባባሪነት ከስሶ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ፕሪቶሪያ ላይ ሰቀለው። ዘፈኑን ግን በምን ገመድ ይስቀለው? ስንት ሺህ አፍ ውስጥ ገብቶ!

ሚርያም ማኬባንስ ከተማችን ታውቃታለች። በ1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚሁ አዲስ አበባ ዘፍናለች። ፓስፖርቷን ስለሰረዙባት ግን እናቷን እንኳ ለመቅበር አልቻለችም። አገሯ የገባችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በሩን ያስከፈተው ድምጿ ብቻ አይደለም፤ አድማ የመታው ሠራተኛ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ሶዌቶ ላይ ጥይት የጠበቀው ተማሪም ጭምር ነው።

እናም ወገኖቼ፣ ዘፋኙ ስለ እኛ ይታሰርልን፣ ስለ እኛ ይሰደድልን ብለን አንጠብቅ። አዝማሪም እኮ ተቀባይ ይፈልጋል! እኛ የምንቀበለው መቼ ነው?