ከእንጦጦ ቁልቁለት በፊት፦ ከፍ ስለተደረገ መኪናና ስለ ፊት ስታቢላይዘር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ ስርጭት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ግን አንዲት ብረት ናት። ከመኪናው የፊት አካል ሥር ተጋድማ፣ ጭቃ ለብሳ የምትኖር፣ ከሾፌሩና ከመካኒኩ በቀር ማንም ልብ የማይላት ብረት ናት። ሆኖም የማኅበር ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና የልማት ሠራተኛው በአንድ መኪና ተሳፍረው ወደ አዲስ አበባ ሲመላለሱ፣ በሰላም ገብተው በሰላም መመለሳቸው ከፊሉ በእሷ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከጎጃም የሚነሣ መኪና በመጀመሪያ የዓባይን በረሃ ያገኛል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከዚያ በሰላሌ ሜዳ አልፎ፣ ሱሉልታን ትቶ፣ የእንጦጦን ተራራ ይሻገርና ወደ ጉለሌ ይወርዳል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የከተማው መሃል ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ተራራው የውኃ መለያ ነው፤ በሰሜን በኩል የዘነበው ወደ ዓባይ፣ በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ለአሽከርካሪም ቢሆን መለያ ነው። ከተራራው ወዲያ ገጠር፣ ወዲህ ደግሞ አዲሱ ገበያና ሕዝቡ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለቱም ኩርባውም የበረታ ሲሆን፣ በዳርና ዳሩ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ተማሪዎችና ምእመናን ይሄዱበታል። ስለዚህ የገጠር መኪና የሚፈተነው በማሳው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ጉለሌ ሲደርስም ይፈተናል።

ለመሆኑ ይህች ብረት ምንድን ናት? በጋራዥ ቋንቋ ስታቢላይዘር ትባላለች። የግራውንና የቀኙን ጎማ አካል የምታገናኝ፣ ሁለት ጫፏ የታጠፈ የብረት ዘንግ ናት። ሥራዋን ለመረዳት ለገበሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቀንበርን ማሰብ ይበቃል። ሁለቱ በሬዎች እኩል ሲራመዱ ቀንበሩ ዝም ብሎ አብሮ ይሄዳል። አንደኛው ቀድሞ ሲስብ ግን ሁለተኛው ወዲያው ይሰማዋል። ስታቢላይዘርም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ሲነሡና እኩል ሲወርዱ ምንም አትሠራም። መኪናው በኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ግን ትጠመዘዝና ማጋደሉን ትቃወማለች። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ስቲቨን ኮልማን የተባለ የካናዳ ሰው ለዚሁ ብረት የፈጠራ መብት ያገኘው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ለምን ትወልቃለች? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ መኪናውን ከፍ ከማድረግ ጋር የተያያዘ ነው። ረዘም ያለ ሞላ ወይም ተጨማሪ ባሌስትራ ገብቶ ሻንሲው ከአክሱ ሲርቅ፣ የስታቢላይዘሯ ማያያዣዎች ያጥራሉ፤ አቀማመጣቸውም ይጣመማል። ትክክለኛው መፍትሔ በልኩ የረዘመ ማያያዣ መግጠም ነው። ዕቃው ካልተገኘ ወይም ወጪው ከበዛ ግን «ለጊዜው» ትወልቅና ጋራዥ ጥግ ትጣላለች። ያ «ለጊዜው» ዓመት ያልፋል። ሁለተኛው ምክንያት የሾፌሮች ልምድ ነው። ያለ ስታቢላይዘር መኪናው በገጠር መንገድ ላይ ይለሰልሳል ይላሉ።

ሾፌሮቹ የሚሉት ከእውነት የራቀ አይደለም። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ብረቷ ሁለቱን ስለምታስተሳስር አንደኛው ጎማ መሬት ሊለቅ ይችላል። ስትወልቅ ጎማዎቹ እንደ ልባቸው ይወርዳሉ፣ መሬትም ይይዛሉ፤ ተሳፋሪም ግራና ቀኝ መወዝወዙ ይቀንስለታል። በደረቅ ወንዝ ውስጥና በድንጋያማ አቀበት ላይ ይህ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ጥቅሙ ከተነገረለት ያንሳል። በክረምት የገበሬ ማኅበር መኪናን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የመረሬ አፈር ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ አራቱም ጎማዎች መሬት እንደነኩ ይሽከረከራሉ። የሚያወጣቸው ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ፣ ሰንሰለትና የሾፌር ብልሃት ነው፤ ስታቢላይዘር መፍታት እዚያ ላይ የሚፈይደው ጥቂት ነው። መኪናውን በሞላ ከፍ ማድረግም እንዲሁ ይታሰብበት። ሻንሲው ከፍ ይላል እንጂ፣ ወጥ አክስ ባለው መኪና ላይ የዲፈረንሻሉ ቋት ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥም። ያን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኩርባው እንመለስ። ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ ኩርባ ይታሰብ። መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲዞርበት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ከአሥር አራት እጅ ይሆናል። በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

በሌላ በኩል መኪናው የሚችለው ስንት ነው? በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ግማሽ፣ በክብደቱ ማዕከል ከፍታ ማካፈል ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ የመኪናዎችን የመገልበጥ ዝንባሌ ለሕዝብ ሲያሳውቅ መሠረት ያደረገው ይህንኑ ስሌት ነው። ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 1 ሜትር ከ50፣ የክብደቱ ማዕከል ደግሞ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1 ይሆናል። ሞላው ረዝሞ፣ ጎማው ተልቆ፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ተገጥሞ ጆንያ ቢጫንበትና ማዕከሉ 90 ቢደርስ፣ ውጤቱ ወደ 0.83 ይወርዳል። አህያ የጫነ ሰው ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል፤ ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ገደል ላይ ይጋደላል።

ይህ ሒሳብ መኪናው ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አድርጎ ነው የሚያሰላው። በእውነቱ ግን መኪናው በሞላው ላይ ያጋድላል፤ ሲያጋድልም ክብደቱ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ አቅሙም ከተሰላው ያንሳል። ስታቢላይዘር የምትገታው ይህንኑ ማጋደል ነው። እሷ በሌለችበት ይበልጥ የሚያሰጋው ረጅሙ ኩርባ እንኳ አይደለም፤ ድንገተኛው መሪ ነው። ልጅ መንገድ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ ወደ ግራ ይጠመዝዛል፣ ከፊቱ ሌላ መኪና ሲያይ ወደ ቀኝ ይመልሳል። መኪናው እንደ ዥዋዥዌ አንድ ጊዜ ወደ አንዱ ጎን ተወዛውዞ ሲመለስ፣ ሁለተኛው ውዝዋዜ ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል። በጉለሌ መንገዶች ላይ እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየዕለቱ አለ።

ሌላም ነገር አለ። የመኪና ፊትና ኋላ በፋብሪካ ተመዛዝነው የተሠሩ ናቸው። የፊቷ ብረት ስትወልቅ ማጋደሉን የመቋቋም ሸክም ይበልጡን በኋላው ላይ ያርፋል። በዚህም ምክንያት በፈጣን ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ ቀድሞ መንሸራተት ይቀናዋል። ፊቱ ሲንሸራተት ሾፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ሊያስተካክል ይችላል፤ ኋላው ሲወጣ ግን ለመመለስ ልዩ ችሎታ ይጠይቃል።

የመኪና ፋብሪካዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። ስታቢላይዘርን ጥለው ሳይሆን፣ እንድትፈታና እንድትገጠም አድርገው ነው የመለሱት። ከ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የጂፕ ራንግለር ሩቢኮን በማብሪያ የሚለቀቅ የፊት ስታቢላይዘር አለው፤ የሚለቀቀው አራቱም ጎማዎች ሲነዱ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ራሱን መልሶ ያይዛል። ቶዮታም በአንዳንድ ላንድክሩዘሮቹ ላይ፣ በአስፋልት የሚጠነክርና በወጣገባ መንገድ የሚላላ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ዘዴ ተጠቅሟል። መልእክቱ አንድ ነው፤ ለዝግታና ለድንጋይ ትፈታ፣ ለአስፋልት ትታሰር።

ለአባል ማኅበራትና ለዩኒየኑ የሚበጀውም ይኸው ነው። አንደኛ፣ ስታቢላይዘር የሌለው መኪና እስኪገጠምለት ድረስ ሰው ጭኖ በአስፋልት ላይ ረጅም መንገድ አይላክ። የግድ ወደ ጋራዥ መሄድ ካለበት ባዶውን፣ ጣሪያው ሳይጫን፣ በዝግታ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ከፍ የተደረገ መኪና በልኩ የረዘመ ማያያዣና ደኅና ጎሚኒ ይኑረው፤ በዚያው አጋጣሚ የፍሬን ቱቦዎቹ ርዝመት፣ የካርዳኑ አቀማመጥና የመሪው ልክ አብረው ይታዩ። ከፍ ማድረግ እነዚህንም ያዛባልና። ሦስተኛ፣ በአስቸጋሪ መንገድ ላይ መፍታት ካስፈለገ ሾፌሩ ፈቶ፣ ማያያዣውን ከጎማውና ከፍሬን ቱቦው አርቆ አስሮ፣ አስፋልት ከመግባቱ በፊት መልሶ ይግጠም። የፈታበትንና የገጠመበትንም በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ። አራተኛ፣ ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫን። አምስተኛ፣ ብረቷ ብትኖርም ከፍ ያለ መኪና ከፍ ያለ ነው፤ የፍጥነት ፈቃድ አይደለችም።

በመጨረሻም የውሳኔው ጉዳይ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር መኪና የሾፌሩ አይደለም፤ የሥራ አስኪያጁም አይደለም፤ የአባላቱ ንብረት ነው። አንድ ኩንታል ከመጋዘን ሲወጣ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ሁለት ፊርማ ይጠየቃል። ከመኪና ሥር ስታቢላይዘር ስትወጣ ግን ማንም አልፈረመም፣ ማንም አልጠየቀም። ስለሆነም መኪናን ከፍ ማድረግም ሆነ ብረት ማውለቅ በሥራ አመራር ኮሚቴ ታይቶ፣ በጽሑፍ ተወስኖ፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ተነግሮ እንዲፈጸም ማድረግ ተገቢ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴውም ሒሳብ ሲመረምር መኪናውንም ዝቅ ብሎ ይመልከት። ሾፌሩም «ይህ መኪና እንዲህ ሆኖ በእንጦጦ አይወርድም» ሲል የሚሰማው ኃላፊ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የማያያዣ ዋጋ ከባድ የሚመስለው ከሌላው ዋጋ ጋር እስኪነጻጸር ድረስ ነው። ዩኒየኑ ከመጋዘኑም ከመኪናውም በላይ ያለው ሀብት አባላቱ ናቸው። ከጉለሌ ወደ ቀያቸው ሙሉ ጤና ሆነው እንዲመለሱ ማድረግ ከዩኒየኑ ሥራዎች አንዱ ነው።