ለባሌ ዳገት የሚመጥን ማርሽ፦ በአነስተኛ ወጪ ብስክሌትን ስለ ማሟላት



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ይመስላል፤ መሪው ወደ ታች ለጎበጠ የመንገድ ብስክሌት ማርሽና የማርሽ መቀየሪያ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ለሚገዛ ወጣት ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ምርጫው ከተሳሳተ ብስክሌቱ ዳገት ላይ የሚገፋ ሸክም ይሆናል፤ አለዚያም አንድ መለዋወጫ እስኪገኝ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

አስቀድመን መልክዐ ምድሩን እንመልከት። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የብስክሌተኛው አቅም ይቀንሳል። በምሥራቅ በኩል በጎሮ አድርጎ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ድካሙ የሚጠብቀው ሲመለስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ማርሽ አለው?» ሳይሆን «ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ይቀላል?» የሚል መሆን አለበት።

ይህንን በስሌት እንየው። በቆዩ የውድድር ብስክሌቶች ላይ ቀላሉ ማርሽ ብዙ ጊዜ ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ነው። የጎማው ዙሪያ 2.13 ሜትር ቢሆን፣ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር ሰው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰውየውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 8 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 210 ዋት ያህል ያስፈልጋል። የፊቱም የኋላውም 34 ጥርስ ሲሆን ግን፣ በዚያው አረጋገጥ ፍጥነቱ ወደ 7.7 ኪሎ ሜትር፣ ኃይሉም ወደ 135 ዋት ይወርዳል። ይህ ረግጦ በመውጣትና ወርዶ በመግፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? ከሺማኖ የመንገድ ዕቃዎች መካከል ከኋላ 8 ማርሾች ያሉት ክላሪስና 9 ማርሾች ያሉት ሶራ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። የኋላ ካምቢዮው ረጅም ክንድ ያለው ከሆነ እስከ 34 ጥርስ ይቀበላል። ሌላም ጥቅም አላቸው፤ የሺማኖ ባለ 8 እና ባለ 9 የመንገድ መቀየሪያዎች ገመዱን የሚስቡበት መጠን በዚያው ዘመን ከተሠሩት የተራራ ብስክሌት የኋላ ካምቢዮዎች ጋር ይስማማል። ስለዚህ አንዱ ቢሰበር ከተራራ ብስክሌት የተገኘ ሊተካው ይችላል። ከባለ 10 ጀምሮ ግን ይህ ስምምነት ይፈርሳልና ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ገንዘቡ ከዚህም ካነሰ፣ በብስክሌቱ አካል ላይ ወይም በመሪው ጫፍ የሚታሰር፣ ደረጃ የሌለውና በእጅ ስሜት የሚስተካከል ቀላል መቀየሪያ አለ። የኋላው ማርሽ ብዛት 7 ይሁን 9 አይመርጥም። ከፍሬን እጀታው ጋር የተዋሐደ መቀየሪያ ሲበላሽ መጠገኑ አስቸጋሪ ነው፤ ይህኛው ግን ከፍሬኑ የተለየ በመሆኑ ለብቻው ይለወጣል። ጉድለቱ እጅን ከመሪው ማንሣት ማስገደዱ ነው፤ ስለዚህ ማርሹን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት መቀየር ይገባል።

በመጨረሻም ካቴናውን አትርሱ። ከአንድ ፒን ተነሥቶ እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን ያለው ርቀት በአዲስ ካቴና ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ሲደርስ ካቴናውን ብቻ የሚቀይር ሰው ጥርሶቹን ያተርፋል፤ የዘገየ ሁሉንም ይገዛል።

እንግዲህ የወጪው ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ደኅና ፍሬን፣ ቀጥሎ የኋላ ትልቅ ጥርስና እሱን የሚችል ካምቢዮ፣ ከዚያ መቀየሪያው፤ የዕቃው ስም መጨረሻ ይምጣ።