የአማርኛ መጻፊያና የሊኑክስ ጥቅሎች

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተተከለው በእንጦጦ ራጉኤል አንድ የደብር ጸሐፊ ለምሳሌ ይወሰድ። ያረጀ ኮምፒዩተር አግኝቶ፣ የፈቃድ መግዣ ገንዘብ ስለሌለው፣ ዴቢያን የተባለውን ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት ጭኖበታል። የክርስትና ምስክር ወረቀት ሊጽፍ ሲቀመጥ የአማርኛው ፊደል በመስኮቱ ላይ ይነበባል፤ ቁልፉን ሲጫን ግን የሚወጣው ላቲን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ‹‹ሊኑክስ አማርኛ አያውቅም›› ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ስሕተት ነው፤ በጸሐፊው ግን አይፈረድም።

ሊኑክስ አማርኛን ካወቀ ሰንብቷል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በ345 ምልክቶች ገብቷል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከነደፉት መካከል የሆኑበት፣ ፊደሉን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ዘዴ ‹‹ሴራ›› ይባላል፤ ስሙ ሰውን አያስደንግጥ። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽም በነጻ ፈቃድ ይሰራጫል። እንግዲህ ሥራው አልጎደለም፤ የጎደለው አስተሻሸጉ ነው።

የብራና መጽሐፍ ነገሩን ያስረዳል። ቁም ጸሐፊው ጽፎ ቢጨርስም ሥራው አላለቀም፤ ጥራዞቹ በቅደም ተከተል ተሰፍተው፣ በእንጨት ገበታና በቆዳ ተደጉሰው፣ ማኅደር ሲያገኙ ነው መጽሐፉ ከደብር ወደ ደብር የሚጓዘው። በሊኑክስ ዓለም ይህን የድጉሰት ሥራ የሚሠሩት ጥቅል አዘጋጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ጥቅል ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን የሌሎች ጥቅሎች ስም ዝርዝር ጭምር ይይዛል።

የአማርኛው ጥራዞች ግን የተበታተኑ ናቸው። የፊደሉ ቅርጽ በአንድ ጥቅል፣ የሴራ የቁልፍ ሰንጠረዥ ኤም-17-ኤን በተባለ በሌላ፣ ሰንጠረዡን ከዴስክቶፑ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ በሦስተኛ ጥቅል ይገኛል፤ የቀንና የገንዘብ አጻጻፉ ልማድ ከነዚህ ሁሉ ርቆ በሥርዓቱ መሠረት ውስጥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ጠባቂ የድርሻውን ሠርቷል፤ ሁሉንም እንደ አንድ መጽሐፍ የሚያይ ዓይን ግን ያንሳል። በዚህ ላይ ጂቲኬ የተባለው የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች መሠረት በቀድሞ እትሞቹ የአማርኛ መጻፊያ በውስጡ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው በ4ኛው እትም እንዲህ ያሉት መጻፊያዎች ተወግደው ሥራው ለውጭ ፕሮግራሞች ተተወ። ውሳኔው ለመሐንዲሱ ያስኬዳል፤ ለጸሐፊው ግን ፍለጋ ጨመረበት።

የተፈለገውም የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። ኡቡንቱ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሲዲ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ያም ቀርቷል። ፍላትፓክን የመሰሉት አዳዲስ ዘዴዎች ፕሮግራሙን ከነደጋፊዎቹ አንድ ላይ ያመጡለታል፤ ይሁን እንጂ ኢንተርኔትን በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ሸክሙ ይከብዳል።

ዴቢያን ‹‹ታስክ-አማሪክ-ዴስክቶፕ›› የሚባል ጥቅል አለው። በውስጡ ፕሮግራም የለም፤ ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚያስፈልጉ የሌሎች ጥቅሎች ስም ብቻ ነው። ጸሐፊው በጭነት ጊዜ እንግሊዝኛን መርጦ ከሆነ ይህ ጥቅል አይጠራለትም። ባለሙያው ሊጀምርበት የሚገባው ከዚሁ ነው፦ ዝርዝሩን በባዶ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ፣ ከ‹‹ሀ›› እስከ ‹‹ፐ›› ጽፎ ይፈትን፤ የጎደለውን ስም ለጥቅሉ ጠባቂዎች ያመልክት፤ ከዚያም ጥቅሎቹን በሙሉ በፍላሽ ገልብጦ እስከ ራጉኤል ዳገቱን ይውጣ።